አርባ አንድ ስግደት

ክረምት ሲገባ ኮተቤ ጉም ውስጥ ትጠፋለች። በመስኮቴ ስመለከት የእንጦጦ ባሕር ዛፍ አይታየኝም፤ ሽታው ብቻ ከዝናቡ ጋር ወርዶ ቤቴ ይገባል። በዚያ ሰዓት የሆነውንና ያለምኩትን መለየት ይቸግረኛል። ይህን የምጽፈውን ግን አላለምኩትም፤ ሕልም በሆነልኝ ያልኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው።

ሥራዬ ፊዚዮቴራፒ ነው። ሰዎች ሥራዬን ሲሰሙ "ወጌሻ ነሽ ማለት ነው?" ይሉኛል፤ መከራከሩን ትቼዋለሁ። የእኔ ድርሻ ልባቸው የደከመ፣ ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ሳንባቸው የታመመ ሰዎች ምን ያህል ቢንቀሳቀሱ እንደሚጠቅማቸው፣ ከየት ሲያልፍም እንደሚጎዳቸው መለካት ነው። ሐኪሙ ክኒን በሚሊግራም ያዛል፤ እኔ እርምጃ በደቂቃ አዛለሁ። እውነቱን ለመናገር በዚህ ልኬቴ በጣም እኮራ ነበር።

መምህርት የመጡት ሰኔ መጀመሪያ ላይ ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ ቀንሶ፣ ሐኪማቸው "ቀላል እንቅስቃሴ ታስጀምራቸው" ብሎ ነው የላካቸው። እንደ ሁሉም ሰው "እናቴ" ብላቸው "እናትሽ አይደለሁም፤ መምህርት በይኝ" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መምህርት ናቸው። ፎርሜ ላይ "የአካል ብቃት እንቅስቃሴ ይሠራሉ?" የሚል መስመር አለ። ስጠይቃቸው ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ ቁምጣ ለብሼ ልሩጥልሽ ወይ አሉኝ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔም "ምንም" ብዬ ጻፍኩ።

ለጥ ባለ መንገድ ላይ በቀን አሥር ደቂቃ እርምጃ አዘዝኩላቸው። ዳገት ከለከልኩ። መለኪያችን ወሬ ነበር፤ እየተራመዱ ማውራት እስከቻሉ ድረስ ደህና ናቸው፣ ንግግራቸው መሃል ላይ ትንፋሽ ከቆረጣቸው ግን ይቆማሉ። ሰፈራችን አንድ ስለሆነ ከሥራ ስመለስ አብሬያቸው እራመድ ጀመር። እሳቸው ያወራሉ፣ እኔ ትንፋሻቸውን አዳምጣለሁ። ለመምህርነት ሊሠለጥኑ ኮተቤ የመጡ ጊዜ አካባቢው ጫካ እንደነበር፣ ማታ ማታ ጅብ ከመኝታ ክፍላቸው ጀርባ ይጮህ እንደነበር ይነግሩኛል። ካፊያው ፊታችን ላይ ያርፋል፤ ድምፃቸው ከፍ ዝቅ ሳይል ይፈሳል፤ እኔም እየተራመድኩ እንቅልፍ የወሰደኝ ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ሕመም ስሰማ ውዬ እነዚያን አሥር ደቂቃዎች እናፍቅ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ወደ አሥራ አምስት ደቂቃ ከፍ አደረግሁላቸው። መሻል ሲገባቸው ባሰባቸው። እግራቸው አበጠ። ጫማቸውን ለማሰር ሲያጎነብሱ ትንፋሽ ያጥራቸው ጀመር፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ያዞራቸዋል። ጨው ነው አልኩ። ሽሮውንም ምስሩንም ወነጀልኩ። መድኃኒት ይረሳሉ ብዬ ጠረጠርኩና ክኒናቸውን እፊታቸው ቆጠርኩ፤ አንድም አልጎደለም። ሐኪሙ መድኃኒቱን አስተካክሎ "ለመሆኑ አንቺ ምን እያሠራሻቸው ነው?" ሲለኝ ደሜ ፈላ። ከፎርሜ ላይ እያነበብኩ መልስ ሰጠሁት።

ሐምሌ መጨረሻ ላይ፣ አንድ ሐሙስ፣ የጠዋት ተረኛ ስለነበርኩ ግፊታቸውን ለክቼ ልለፍ ብዬ ገና ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ጉሙ በረንዳው ድረስ ገብቷል። በሩ ገርበብ ብሏል። ላንኳኳ እጄን ሳነሳ ከውስጥ ድምፅ ሰማሁ፦ ጉልበት ምንጣፍ ሲነካ፣ ቀጥሎ መዳፍ፣ ቀጥሎ ረጅም ትንፋሽ፣ ከዚያ አጥንት እየተንቋቋ መነሳት። እንደገና ጉልበት። እንደገና መዳፍ። በክፍተቱ አየኋቸው፤ ነጭ ለብሰው፣ ግንባራቸው መሬት እየነካ፣ እየወደቁ እየተነሱ ይሰግዳሉ። ሙያ ክፉ ነውና እኔ እዚያው ቆሜ መቁጠር ጀመርኩ። ከመድረሴ በፊት ስንት እንደነበር አላውቅም፤ እኔ ሃያ ስድስት ቆጠርኩ። በመጨረሻው ላይ ወዲያው መነሳት አቅቷቸው ግንባራቸውን እንደደፉ ቆዩ። ያኔ በሩን ገፍቼ ገባሁ።

አንስቼ ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው። ስንት ነው የሚሰግዱት አልኳቸው። አርባ አንድ አሉ፤ ከቅዳሜና እሑድ በቀር፣ ከፋሲካ በኋላ ካለው ሃምሳ ቀን በቀር፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ፣ በየማለዳው። እንቅስቃሴ ይሠራሉ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር እኮ ስላቸው በጣም ተገረሙ። ጸሎቴ ስፖርት ነው እንዴ፣ ፎርምሽ ላይ ልታሰፍሪው ነው እንዴ አሉ። ልክ ነበሩ። ፎርሙን ያዘጋጀው ሰው መቼም ሰግዶ የሚያውቅ አይመስለኝም። እኔስ? ልጅ ሆኜ ስግደት እቆጥር አልነበረም? የታመመ ልብ በየማለዳው አርባ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ተደፍቶ ይነሳል፤ እኔ በላዩ ላይ ደቂቃ እጨምርበታለሁ። አፈርኩ።

ስግደቱ ለኃጢአት የተሰጣቸው ቀኖና እንደሆነ ነገሩኝ። ምን ኃጢአት እንደሆነ አልነገሩኝም፤ አልጠየቅሁምም። ፍልሰታ ሊገባ ስምንት ቀን ቀርቶት ነበር። ለጾሙ እጥፍ ሊያደርጉት አስበዋል፤ ሰማንያ ሁለት። በእርጋታ ማስረዳት ይገባኝ ነበር፤ እኔ ግን ቱግ ብዬ ተናገርኩ።

"እንዲህ ከቀጠሉ ፍልሰታን አይጨርሷትም።"

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ነጠላቸውን አስተካክለው ሥራሽ ይረፍድብሻል ብለው ሸኙኝ።

ያን ቀንና በማግስቱ ሌላ ነገር ማሰብ አልቻልኩም። በሽተኛ ባስተኛሁ ቁጥር ያ የጉልበት ድምፅ ይሰማኛል። በመጨረሻ፣ ያዘዘው ሰው ያንሳው ብዬ ቆረጥኩ። የንስሐ አባታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ኮንትራት ታክሲ ይዤ መምህርትን አሳፈርኩና በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወጣን። እሳቸው እምቢ አላሉም፤ አባን ካዩ ቆይተው ነበር። ከፍ ባልን ቁጥር ጉሙ ወፈረ። ቢጫ ጀሪካን የያዙ ሰዎች ከጉሙ ውስጥ ብቅ ይላሉ፣ እንደገና ይጠፋሉ። ሹፌሩ መብራት አብርቶ በዝግታ ይነዳል። እኔ ለአባ የምናገረውን በሆዴ እያጠናሁ፣ እነዚያ ዛፎች መሃል መንገዱ ማለቂያ የሌለው መሰለኝ።

አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኔ በሽተኛ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም። መስቀል ተሳልሜ፣ ሳልቀመጥ፣ ያጠናሁትን አወረድኩት፤ ስለ ልብ፣ ስለ እብጠት፣ ማጎንበስ ምን እንደሚያደርግ፣ ባለማወቅ የሰው ነፍስ እየጠፋ እንደሆነ። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ቄስ ተቆጣሁ። አባ መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ እስክጨርስ ጠበቁኝ።

"ልጄ፣ እኔ የሰጠኋት ቀኖና አንድ ዓመት ነበር" አሉ። "እሱን ከፈጸመች ስንት ጊዜዋ። ስትታመም ደግሞ ተይ፣ ተቀምጠሽ ጸልዪ ብያታለሁ። ይኼ የራሷ ነው።"

ወደ መምህርት ዞርኩ። መሬት መሬት ያያሉ፤ ጥፋቱ እንደታወቀበት ተማሪ። አባ ባረኩንና ወጣን።

ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ላይ ትንፋሽ እንዲሰበስቡ አስቀመጥኳቸው። የቅዳሴ ሰው ተበትኗል። ግቢው ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ከባሕር ዛፎቹ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ለምን እንደሆነ ጠየቅኋቸው፤ በዚህ ጊዜ አልተቆጣሁም። ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ፣ አብረን ስንራመድ በሚያወሩበት ድምፅ፣ ነገሩኝ።

አራተኛ ክፍል የምትማር ልጅ ነበረች። ያን ጊዜ አርፋጅ ሜዳውን ይዞራል፤ መምህራኑ ሁሉ ይህንኑ ነበር የሚያደርጉት። ልጅቷ ሰኔ ላይ አንድ ጠዋት አረፈደች። "ልቤን ያመኛል፣ ቲቸር" አለች። መምህርት ደግሞ ማርፈድ ሲሆን የማያምሽ ልብ መሮጥ ሲሆን ነው የሚያምሽ አሏት፤ ክፍሉ ሳቀ። አራት ዙር አስሮጧት። ስትመለስ ከንፈሯ ጠቁሯል፤ ብርድ ነው አሉ። ትምህርት ተዘጋ። መስከረም ላይ ስም ሲጠሩ እሷ ጋ ሲደርሱ መልስ የለም። ክረምቱን ሞታለች አሉ ልጆቹ። ለቅሶ ሊደርሱ ቢሄዱ፣ ልቧ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የታመመ እንደነበር እናቷ ነገረቻቸው። ሁሉንም ተናዘዙላት። እናትየው ራሷ፣ አይዞሽ፣ ቀኗ ደርሶ ነው ብላ አጽናናቻቸው። ዳይሬክተሩም እንዲሁ አለ። አባም የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው ብለው ቀኖና ሰጥተው ፈቷቸው።

"እነሱ ልብ አይለኩም" አሉኝ። "አንቺ ትለኪያለሽ። አራት ዙር ነው። እኔ ነኝ የገደልኳት?"

አይደሉም ማለት ቀላል ነበር፤ በሥራዬ ማጽናናት ልማድ ነው። ግን ከእናትየው ያላመኑትን ከእኔ አያምኑም፤ ሰኞም ተነስተው ይሰግዳሉ፣ አንድ ማለዳ እዚያው ተደፍተው ይቀራሉ። እኚህን ሴት እወዳቸው ነበር። መዋሸት አልቻልኩም።

"ሩጫው ይሁን በሽታው፣ ማንም ሊለየው አይችልም" አልኳቸው። "እኔም አላውቅም። መሮጥ ግን አልነበረባትም። ነግራዎትም ነበር።"

መምህርት ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያጠፋሁ መሰለኝ። የእኔንም ነገርኳቸው፦ አጥብቄ ሳልጠይቅ "ምንም" ብዬ መጻፌን፣ እየባሰባቸው ደቂቃ መጨመሬን፣ ጥፋቱን ሽሮ ላይ መደፍደፌን። ዓይናቸውን ሳይገልጡ አንዴ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መሮጥ አልነበረባትም" አሉ ቀስ ብለው። "ይህን የሚለኝ ሰው አጥቼ ነው የኖርኩት።"

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ፤ የማንም በሽተኛ ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። ሲረጋጉ፣ እንግዲህ ለእኔ ስንት ትፈቅጂያለሽ አሉኝ። ሦስት አልኩ፤ ቆመው፣ ወንበር ይዘው፣ አንገት ዝቅ እስከማድረግ ብቻ። ትንሽ ነው አሉ። ትንሽ ነው አልኳቸው። እሺ አሉ። ከዚያ ጉሙን እያዩ፣ ያን ጠዋት አንቺ እዚያ ብትኖሪ ኖሮስ ለእሷ ምን ታዢላት ነበር ብለው ጠየቁኝ።

አሰብኩ። የምር አሰብኩ፤ እፊቴ እንደተቀመጠች በሽተኛ።

"አንድ ዙር" አልኳቸው። "በእርምጃ። እርስዎ አጠገቧ ሆነው። ከደከማት ተቀምጣ።"

ክንዴን ይዘው ተነሱ። ወደ ታክሲው የምንሄድ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጎን ታጠፉ። ዙሪያውን መሄድ ጀመርን፤ እኔ በቀኛቸው፣ በግራቸው ደግሞ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትተው። መሬቱ ለጥ ያለ ነው፤ አልከለከልኳቸውም። ኮቴያችን በእርጥቡ ሣር ላይ አይሰማም። ግማሹ ላይ ስንደርስ ቆሙ። እኔ ደንግጬ የልብ ምታቸውን ለመቁጠር አንጓቸውን ያዝኩ።

"እኔ ደህና ነኝ" አሉኝ። "እሷን ደክሟት ይሆናል።"

ከአጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልን።