ወንድሜን ያስጣለው ምስክርነቴ

ከትናንት በስቲያ ረፋድ ላይ ወንድሜን ጉድ ሠራሁት... ያውም በገዛ አፌ።

ጀማል ስኪዞፍሬንያ ከያዘው አራት ዓመቱ ነው። የሚወስደው መድኃኒት የሚሰማውን ድምፅ ጸጥ አድርጎለታል፣ አልሐምዱሊላህ። ሐሳብ መሰብሰቡና ማስታወሱ ግን አልተመለሰለትም። የሴራሚክ ሠራተኛ ነው፤ በምንኖርበት የሶማሌ ሰፈር፣ በኮድቡር፣ በየቦታው ቤት እየተሠራ ሳለ፣ እሱ የለካውን ልኬት በር ሳይደርስ ይረሳዋል። ለዚህ ለመርሳቱ የሚሆን አዲስ መድኃኒት የሚሞክሩ ሐኪሞች ሰው እየመዘገቡ ነው ሲባል፣ ከእኔ ቀድሞ ለባብሶ የጠበቀኝ እሱ ነው።

መዝጋቢዋ ሐኪም ጅግጅጋ ያደገች ሶማሌ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይሻላል። አብሮት የሚኖር ሰው መጠየቅ አለበት ብላ ወደ እኔ ዞረች።

«የሰው ስም ይረሳል?»

«ጀማል? የሰፈሩን ሰው እስከ አያቱ ይቆጥርልሻል!»

«ምግብ ጥዶ ይረሳል?»

«ኧረ አንድ ቀን አሳርሮ አያውቅም!»

ያረረ ድስት ስፈገፍግ አርፍጄ ነው የመጣሁት። ግን የወንድሜን ገመና ለማላውቃት ሴት እንዴት ልዘርዝር? ደግሞ... ጎበዙን የሚመርጡ መስሎኝ ነበር።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንዲህ ከሆነማ ሙከራው እሱን አይመለከተውም። እኛ የምንፈልገው የማስታወስ ችግር ያለበትን ሰው ነው።»

ጀማል ተስፈንጥሮ ተነሳ። «እታለም! ምን በደልኩሽ?»

ከዚያ ወደ እሷ ዞረ። «ዶክተር፣ አትስሚያት! ሐሙስ ዕለት ፓስታው ላይ ጨው ስንቴ እንደጨመርኩ እኔ እንጃ። ውሻ አይቀምሰውም ነበር። እሷ ግን እጅህ ይባረክ እያለች ጨረሰችው!»

ሐኪሟ ሳቋን በወረቀቱ ሸፈነች። «እውነት ነው?»

«...እውነት ነው» አልኩ አንገቴን ደፍቼ።

ጥያቄው እንደ አዲስ ተጀመረ። እያንዳንዷን በሹክሹክታ እናገራለሁ፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጦ «የቁልፉንም ንገሪያት! የሙሐመድን ሠርግ መርሳቴንም!» እያለ ይጎሽመኛል።

በመጨረሻ ተመዘገበ። ሐኪሟም መድኃኒቱ ይሠራ አይሠራ ገና እንደማይታወቅ፣ ለግማሹ ሰው የሚሰጠውም ለማወዳደሪያ የተዘጋጀ ባዶ ክኒን እንደሆነ ደጋግማ ነገረችን። ገብቶት ፈረመ።

ባጃጅ ውስጥ «ባይሠራስ?» አልኩት። ፈርቼ ነበር።

«ኢንሻአላህ ይሠራል። ብቻ አንቺ ሁለተኛ ጠበቃ እንዳትሆኚኝ!»

እውነቱን ነው... ጠላቱ ቢመሰክርበት ኖሮ በመጀመሪያው ዙር ያልፍ ነበር።