በቀይ ቀለም የቆጠርኳቸው ምሰሶዎች

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛ ቢሮዬ መጥቶ ስልኩን አፍንጫዬ ሥር ደቀነው። ከላይ እስከ ታች ሰማያዊ መስታወት የለበሰ ፎቅ ነው። «ይኼንን ቶጎጫሌ ላይ ሥሪልኝ» አለ። በቶጎጫሌ ፀሐይ ሰው ውስጡ ይቀቀላል፤ ቢያንስ ፊት ለፊቱ በረንዳ ላውጣለት ብዬ ብለምነው ሳቀብኝ። «በረንዳ የድሮ ሰው ነገር ነው። ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የምትደርቂው?» አለና መልሴን ሳይሰማ ወጣ። ሠላሳን ገና ለተሻገረች ሴት ትዝታ መጻፍ ይከብድ ይሆናል፤ ግን ለጠየቀ መልስ ይገባዋል።

ጅግጅጋ ውስጥ ኮሌጅ ገብቼ የሕንፃ ንድፍ ስማር፣ መምህራችን ከዋናው መንገድ አንድ አንድ ሕንፃ ለክተን እንድንስል አዘዘን። «አዲስ ምረጡ፤ የሚያኮራ» አለ። ክፍሉ በሙሉ ወደ መስታወቶቹ ሮጠ። እኔ ደግሞ እልኸኛ ነኝ። በዚያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስና በጭነት መኪና ጋቢና ትንንሾቹን ከተሞች ስዞር ከርሜያለሁ። አንዴማ አይሻ ድረስ ሄጄ፣ ቀትር ላይ የድሮው ባቡር ጣቢያ ጥላ ሥር ሳምቡሳዬን እየበላሁ፣ ውጪው ሲነድ የተደገፍኩት ግድግዳ ቀዝቃዛ መሆኑ ገርሞኛል። የሠሩት ሰዎች ፀሐዩን ያውቁት ነበር። መምህራችን የሚያውቀው መጽሔት ነበር።

ስለዚህ የኤዶ ሐሊማን ሱቅ መረጥኩ። ኤዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ እኛም ክርስቲያኖቹ ትልልቅ ሴቶችን የምንጠራው እንዲሁ ነው። ጨርቅ ይሸጡ ነበር። ሱቃቸው ባለ ሁለት ክንፍ አረንጓዴ በር ነበረው፤ ከፊቱ በአምስት የእንጨት ምሰሶ የቆመ የቆርቆሮ በረንዳ ነበር። ከካራማራ በኩል አቧራ ሲነሳ መንገደኛው ሁሉ እዚያ ይሸሸጋል፤ ገዛ አልገዛ የሚለው አልነበረም።

ዓርብ ቀትር ላይ ሄድኩ። ሱቁ ሁሉ ለጁምዓ ሶላት ተዘግቶ መንገዱ ጭር ስለሚል ለመለካት ይመቻል። ሜትር የሚይዝልኝ ሰው ስላልነበረ፣ ልኬቱ እንዳይምታታብኝ ምሰሶዎቹ ላይ በቀይ ቀለም ከአንድ እስከ አምስት ቁጥር ጻፍኩ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ሲደርቅ የሚፋቅ ነገር መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት የቀረኝን የበሩን ልኬት ልጨርስ ስመለስ በረንዳው የለም።

በእኛ ከተማ ቀይ ቁጥር ግንብ ላይ ከታየ ቤቱ ሊፈርስ ነው ማለት ነው። ሰዉም ቆሞ አይከራከርም። ግሬደሩ ሳይደርስ ቆርቆሮውንም በሩንም ሚስማሩንም ራሱ ነቅሎ ያተርፋል። እኔ እዚያው ተወልጄ ያደግኩ ልጅ ይህን አጥቼው አይደለም፤ የኔ ቀለም ግን የትምህርት ቀለም መስሎ ታየኝ።

ኤዶ ሐሊማ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ጎባጣ ሚስማር በድንጋይ ያቃናሉ።

«ኤዶ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምልክት አደረጉብኝ አባዮ፣ እህቴ። ማሽን ሳይመጣ እንጨቴን ላትርፍ።»

«ማን ነው ያደረገው?»

«መንግሥት ነዋ! ሌላ ማን ቀይ ቀለም ይዞ ይዞራል?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«እጅሽን አሳዪኝ» አሉ። ከጣቶቼ ላይ ቀለሙ አልለቀቀም ነበር። ቢሰድቡኝ በወደድኩ። «ሠላሳ ዓመት የቆመ ነገር» ብቻ አሉና ወደ ሚስማራቸው ተመለሱ። «መልሰን እናቆመዋለን» አልኳቸው።

ይባስ ብሎ ከማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ቢሮ የመጣ ሰውዬ ሞተሩን አቁሞ የወረደውን እንጨት አየ። መልሰን ልንሠራው እንደሆነ ሲሰማ ራሱን ነቀነቀ። አንዴ ከወረደ አዲስ ግንባታ ነው፣ አዲስ ግንባታ ደግሞ ፊቱ መስታወት መሆን አለበት አለ። ኤዶ መስታወት ከየት ያመጣሉ? ሱቁ መዘጋቱ ነበር።

ንድፌን ዘረጋሁለት። የእያንዳንዱ ምሰሶ ቁመት፣ የጣሪያው ዝንባሌ፣ ሁሉም አለ። «አዲስ አይደለም፤ ጥገና ነው። እንደነበረ ይመለሳል።»

«የተማሪ ሥዕል ማስረጃ አይሆንም።»

«እንግዲያው የእርስዎን ያሳዩኝ» አልኩት። አልነበረውም። ያንን መንገድ ለማፍረስ የሚያስቡት ሁሉ አንድ ቀን እንኳ ለክተውት አያውቁም። ሰኞ እመለሳለሁ ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

አባቴ አናጢ ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በመንገዱ ሁሉ ሲቆጣኝ መጣ፤ መዶሻውን ግን ይዞ ነበር። ንድፌን እያነበብኩለት፣ ጎረቤቱ እያቀበለ፣ ኤዶ የግመል ወተት ሻይ እየቀዱልን ምሰሶዎቹን አንድ በአንድ አቆምናቸው። ሦስተኛው ትንሽ ዘምሟል። ሰኞ ሰውየው መጣ፤ ፀሐዩ ስለከበደው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን የጻፈው በረንዳው ጥላ ሥር ቆሞ ነው። ከደብዳቤው በኋላ የመጣ የለም። መምህሬ ለንድፉ «ሲ» ውጤት ሰጠኝ። ይስጠኝ።

ያን ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አጥፍቻለሁ፤ ግን ዛሬ ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። አንድ የተማሪ ብሩሽ ሠላሳ ዓመት የቆመን በረንዳ በባለቤቱ እጅ ካስወረደ፣ አፍራሾቹ ማሽን ምን ያደርግላቸዋል? ፍርሃታችን ሥራቸውን ጨርሶላቸዋል።

ዘንድሮ እውነተኛው ምልክት መንገዱ ላይ ታየ። ጎረቤቶቹ ቆርቆሮ ማውረድ ጀምረዋል። ኤዶ ሐሊማ ግን አንድ ሚስማር አልነኩም፤ «ማፍረስ የፈለገ ይምጣ፤ እኔ አላግዘውም» ይላሉ። እኔም ከሥራ በኋላ ከሱቅ ሱቅ እየዞርኩ የቀሩትን በረንዳዎች እየለካሁ ነው። ላናሸንፍ እንችላለን። አሁን ግን መጀመሪያ በር አንኳኳለሁ፤ ባለቤቱ ሲወጣም ስሜን ከመናገሬ በፊት የምለው አንድ ቃል ነው፦ «አይንቀሉ።»