የተዘለሉ አምፖሎች

በሆቴላችን እንግዳ መቀበያ ጥግ ላይ በየዓመቱ አንድ የፕላስቲክ የገና ዛፍ ይቆማል። አሥራ አንዱን ወር በሦስት ተከፍሎ መጋዘን ይከርማል፤ ወቅቱ ሲደርስ ይወጣል፣ አቧራው ይራገፋል፣ መብራቱ ይጠመጠምበታል። መብራቱን የሚነካው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሆቴሉ ኤሌክትሪሺያን። እውነተኛ ስማቸውን ደመወዝ ከፋዩ ያውቀው ይሆናል። እኛ ጋሽ ፒንሳ እንላቸዋለን።

ሃያ ስድስት ዓመት ሠርተዋል። ምን ቢበላሽ መልሳቸው አንድ ነው። ማጠቢያ ማሽኑ ቆመ? «እዳው ገብስ ነው።» ማብሰያ ክፍሉ ጨለመ? ገብስ። በሩብ ሰዓት ይሠሩታል። አዲስ ዕቃ እንዲገዛላቸው ጠይቀው አያውቁም ማለት አይደለም፤ ድሮ ይጠይቁ ነበር። የጠየቁት ሳይመጣ ወራት እያለፈ ሲያስቸግራቸው ተዉትና ያለውን ማያያዝ ለመዱ።

የዛፉም መብራት እንደዚያው ነው። መቶ ጥቃቅን አምፖሎች በአንድ መስመር ተከታትለው ስለተያያዙ አንዷ ስትሞት ሁሉም ይጠፋሉ። ጋሽ ፒንሳ የሞተችዋን ፈልገው ቆርጠው ይጥሏትና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች አገናኝተው ናስትሮ ይጠቀልሉበታል። ቦግ! ከዚያ እኔ፣ እንግዳ ተቀባይዋ፣ ከባንኮኒዬ ጀርባ ሆኜ «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ከአምናውም በራ!» እላለሁ። ውሸቴን አልነበረም፤ በየዓመቱ ይበልጥ ይደምቅ ነበር። እሳቸውም ፈገግ ብለው ምስጋናዬን ይቀበላሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ለምን እንደሚደምቅ ያውቁ ነበር።

ዘንድሮ ጡረታ ሊወጡ አንድ ወር ሲቀራቸው በኮንትራት ለመቆየት ማመልከቻ አስገቡ። ባለቤታቸው ካረፉ ሁለት ዓመታቸው ነው። «ቤት ውዬ ከግድግዳ ጋር ላውራ?» ብለውኛል። ማመልከቻውን በእጃቸው ጽፈው ሥራ አስኪያጇ ጠረጴዛ ላይ ካኖሩት ሦስት ሳምንት አለፈው። ሥራ አስኪያጇ በዕድሜ ታንሰኛለች፤ ፊት ለፊት አንቱ እላታለሁ፣ እዚህ ግን ማን ይሰማኛል።

አንድ ቀን ጠዋት መብራቱን ስንሰካው ድርግም አለ። ሥራ አስኪያጇ በዚያው ስታልፍ አየችና ቆመች።

«አዲስ ይገዛ እንዴ ጋሼ?»

«ምን ሲባል! እኔ እያለሁ?»

ከሶኬቱ ነቅለው፣ ቴስተራቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እንደ ጀማሪ ከጫፍ አይነሡም፤ መሀሉን ይይዛሉ። ቴስተሩ «ደህና ነው» ብሎ የጮኸበትን ግማሽ ይተዉና ዝም ያለውን እንደገና ለሁለት ይከፍሉታል። እንዲህ ስድስት ሰባት ጊዜ ሲከፋፍሉ ጥፋተኛዋ ትያዛለች።

ያዟት። ሊቆርጧት ሲሉ ግን እጃቸው ቆመ። አምፖሏ የተደገፈችበት ቅርንጫፍ ቀልጦ ጠቁሯል። ጠጋ ብለው አሸተቱት። ከዚያ ሽቦውን በጣታቸው እያሳለፉ መቁጠር ጀመሩ።

«ምን ይቆጥራሉ ጋሼ?»

«የቀሩትን።»

ስልሳ ሦስት ነበሩ።

«ስሚ ልጄ፣ ለመቶ የተመጠነውን ጉልበት እነዚህ ስልሳ ሦስቱ ናቸው የሚሸከሙት። አንዷን በዘለልኩ ቁጥር የቀሩት ይግላሉ። አንቺ በራ፣ በራ ስትይ እየተቃጠሉ ነበር።»

ደነገጥኩ። የምቀመጠው ከዛፉ ሁለት እርምጃ ርቄ ነው። ከድንጋጤው ይልቅ ግን አፈርኩ፤ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሳደንቅ የኖርኩት ይህንን ነበር ለካ።

«አሁንስ ምን ይሻላል?»

«አሁንም ባያይዘው ይበራል። እሷም ታየዋለች፣ ወረቀቴም ይፈረማል።»

ይህን እያሉ ፒንሳቸውን አነሡ። ከዚያ ማንም መልሶ እንዳይቀጥለው ሽቦውን አምስት ስድስት ቦታ ቆራረጡትና ሰብስበው ይዘውት ወደ ቢሮዋ ሄዱ። እኔም የክፍል ቁልፍ የማደርስ መስዬ ተከተልኩ። ወሬ ከሚያመልጠኝ ሥራ ቢያመልጠኝ እመርጣለሁ።

ለእኔ ያሉኝን አንድም ሳይቀንሱ ነገሯት። ቁርጥራጩን ጠረጴዛዋ ላይ አኖሩት፤ እሷም አየችው።

«እንዲህ ያደረጉት ዛፉ ላይ ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

«ሌላስ የት የት?»

«በቃል አይዘለቅም። ወረቀት ይስጡኝ።»

ሰጠቻቸው። ቆመው ጻፉ፤ የማጠቢያ ክፍሉ ማብሪያ ማጥፊያ፣ የማብሰያ ክፍሉ ማቀዝቀዣ፣ የሦስተኛ ፎቅ ኮሪደር፣ ክፍል አሥራ አራት፣ ክፍል አሥራ ሰባት። ቀኑን የሚያስታውሱትን ከነቀኑ ይጽፉታል። ሥራ አስኪያጇ ተነሥታ የራሷን ወንበር ሰጠቻቸው። ገጹ ሲሞላ ገለበጡት፤ ጀርባውም ሞላ።

«ሌላ ወረቀት ይኖርዎታል?» አሉ ቀና ሳይሉ።

እሷ ዓይኗን ከዝርዝሩ ላይ ሳትነቅል በእጇ ዳበስ ዳበስ አድርጋ ከክምሩ ላይ አንድ ወረቀት አንሥታ ሰጠቻቸው። ጋሽ ፒንሳ የወረቀቱን ፊት አዩት። የገዛ ራሳቸው ማመልከቻ ነበር፤ ከእጅ ጽሑፉ እኔም ለየሁት። እሳቸውም ገልብጠው ባዶው ጀርባ ላይ «የሊፍቱ ሞተር ክፍል» ብለው ጻፉ።