ከበሩ ፊት የነቀልኳት እንሰት

ባለፈው ክረምት አንድ ሰውዬ የቻይናዎችን ፌንግ ሹይ፣ የግቢ አሠራር ጥበባቸውን ማለት ነው፣ ሲያስተምር ስልኬ ላይ አየሁ። በሦስት ቀን ውስጥ ሶዶ ላይ ከእኔ በላይ አዋቂ ጠፋ። በር ፊት ትልቅ ተክል ከቆመ በረከት ደጅ ደርሶ ይመለሳል። መንገዱ ቀጥ ካለ ደግሞ እንደ ባጃጅ ፈትለክ ብሎ ያልፋል፤ ስለዚህ መጠማዘዝ አለበት።

በራችን ፊት የቆመችው የእናቴ እንሰት ናት። የገሱባውን ቤት ለወንድሜ ትታ እኛ ጋ መኖር ስትጀምር፣ ሟቹ አባቴ ከተከላት ላይ ችግኝ ይዛ መጣች። ይቺ ዘር አጥንት ለተሰበረ ሰው ሥሯ ተቀቅሎ እንዲበላ የምትቀመጥ ናት፤ እንዲሁ አትበላም። እናቴ ጠዋት ጠዋት ፍግ ታደርግላታለች።

"እማዬ፣ ጓደኛዬ ግቢ ላዛውራት ነው።"

"ሥሯን እንዳትጎዳ ብቻ።"

ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ጀመርኩ። ሥሯ ዳሞታ ተራራን የተሸከመ ይመስል አልነቀል አለኝ። ቆራረጥኩና ለጎረቤት ላም ሰጠኋት። በቦታዋ ድንጋይ ደርድሬ እንደ እባብ የሚጠማዘዝ መንገድ ሠራሁ። ለእናቴ "በደንብ ጸድቃለች" አልኳት።

በሳምንቱ እናቴ እንደ ልማዷ ቀጥ ብላ ስትወጣ ጥምዝምዙ አደናቀፋት። የቀኝ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሆስፒታል ጀሶ አድርገውላት ቤት እንደገባን "በል፣ ከእንሰቷ ቆርጠህ አምጣልኝ" አለች።

ገበያ ወርጄ ዘሩን የማላውቀውን የእንሰት ሥር ገዛሁ። ባለቤቴ ግማሹን ቀቀለችው። እናቴ አላመጠች፣ አላመጠች፤ እኔ እዚያው ቆሜ አሥር ዓመት አረጀሁ።

"የእኛዋ ናት?"

"የእኛዋ ናት፣ እማዬ።"

"እንግዲያው የቀረውን ቅበረው፤ ችግኝ ይስጠን።"

ድንጋዮቼን ለቅሜ በሩ ፊት ቀበርኩት። የእኛዋ ዘር የቅጠሏ አጥንት ቀይ ነው። ዛሬ ጠዋት ችግኙ ብቅ ብሎ አየሁት፤ ጥርት ያለ አረንጓዴ። እናቴ አጠገቡ ተቀምጣ በግራ እጇ ፍግ ታደርግለታለች። አላስቻለኝም።

"እማዬ፣ ይሄ የእኛዋ አይደለም። እሷን ለላም ሰጠኋት።"

ቀና አላለችም።

"የተሰበረው እጄ ነው፤ ምላሴ ደህና ነው። ቅዳሜ ገሱባ ሄደህ ወንድምህን ችግኝ ለምነው። የአባታችሁን ዘር ምን እንዳደረግካት ራስህ ንገረው።"

ዛሬ ሐሙስ ነው። የላሟን ነገር እንዴት አሳምሬ፣ ትንሽም አስቄ እንደምነግረው ሳስብ ዋልኩ። አላስቅ አለኝ።