ከደባርቅ መንገድ ዳር ያወረድነው ሣጥን

ሥልጠና የወሰድኩት ስለ ባቡር ነው። የኑክሌር ዝቃጭ በባቡር ሲጓጓዝ ምን ምን እንደሚያሰጋ መገምገም ተማርኩ፤ ሐዲዱ ቢሰበር፣ ፉርጎው ቢገለበጥ፣ እሳት ቢነሣ። ተምሬ ስመለስ ጎንደር ባቡር የላትም። ያለን ፒክአፕ ነው። የባቡሩን ፍርሃት ሁሉ ይዤ ፒክአፕ ላይ ወጣሁ። በተፈጥሮዬም ቦቅቧቃ ነኝ፤ ፈሪ ለእናቱ እያልኩ እጽናናለሁ፤ እንጀራዬም መፍራት ነው።

የዚያን ቀን የጫንነው አንድ የመንገድ ሥራ ካምፕ የተጠቀጠቀ አፈር ይለካበት የነበረውን መሣሪያ ውስጡን ነው፤ ጨረር የሚያመነጨውን ክፍል። ዘመኑ ስላለፈ ተወስዶ በጥንቃቄ መቀመጥ ነበረበት። በእርሳስ የተለበጠ ሣጥን ውስጥ ታሽጓል። እስካልተከፈተ ድረስ አጠገቡ አለመሰንበት ነው እንጂ ክፉ አይደለም። ተከፍቶ ሰው እጅ ከገባ ግን ሥጋ ያቃጥላል። ከደባርቅ ስንነሣ ፍሬኑን፣ ጎማውን፣ ገመዱን አየሁ። ሾፌሩን «ሰው አትጭንም» አልኩት። «እሺ» አለኝ። የእኛ አገር እሺ መንገድ ላይ ሽማግሌ እጁን እስኪያነሣ ድረስ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ሳንደርስ፣ ከጉሙ ውስጥ ቃሬዛ ወጣ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። ቃሬዛው ላይ ምጥ የጠናባት ሴት ተኝታለች፤ የለበሰችው ጋቢ በደም ርሷል። ተሸካሚዎቹ መንገዱን ዘግተው ቆሙ። ባቡር በእጅ አይቆምም፤ በተማርኩት ግምገማ ውስጥም ቃሬዛ የሚባል ነገር አልነበረም። ጋቢና ውስጥ መቀመጥ አትችልም። መተኛት የምትችለው ከኋላ ነው፣ ሣጥኑ ጎን።

«ሣጥኑን አውርዱት፤ እሷን ጫኑ፤ እኔ እጠብቀዋለሁ» አልኩ። ድምፄ የእኔ አይመስልም ነበር። አውርደው መንገድ ዳር አስቀመጡት። የጨረር መለኪያዬን ባዶው መጫኛ ላይ አዞርኩት፤ ምንም የለም። ሴትየዋን አስተኟት፤ ባሏና አንዲት ጎረቤት አብረዋት ወጡ፤ ሾፌሩም ወደ ጎንደር ነዳው።

ከዚያ በኋላ ነው ፍርሃት የጀመረኝ። በዚህ ዘመን በዚያ መንገድ ማን እንደሚያልፍ አይታወቅም። እርሳስ ይሸጣል፤ ሣጥኑን ነጥቆ የሚሰብር ሰው እጁ ላይ ምን እንደሚያርፍ አያውቅም። ሸራ አለበስኩት። ተሸካሚዎቹ እንግዳ ሰው መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ነውር ነው ብለው አብረውኝ ቀሩ፤ የሴትየዋ አባትም አሉ። «ራቅ በሉ፤ እንዳትቀርቡት፤ እንዳትነኩት» አልኳቸው። ራቅ አሉልኝ። ደስ ብሎኝ ዞር ስል ሁሉም ጫማቸውን አውልቀዋል።

አባትየው በባዶ እግራቸው ወደ ሣጥኑ መጡ። ተንበረከኩና ግንባራቸውን ሸራው ላይ ደፉ። «ልጄን አደራ፣ ልጄን አደራ» ይላሉ። ያኔ ገባኝ። በዚህ አገር ተሸፍኖ፣ ጠባቂ ቆሞለት፣ አትቅረቡ አትንኩ የሚባል ታቦት ነው። ክንዳቸውን ይዤ ጎተትኳቸው። ሽማግሌ ጎትቼ አላውቅም።

«አያ፣ ይነሡ! ታቦት አይደለም፤ መርዝ ነው!»

ተነሡ። «መርዝ ከሆነ አንቺ ምነው ከሥሩ ቆምሽ?»

«ሰው እንዳይከፍተው ነው፤ ሥራዬ ነው።»

ጫማቸውን እያጠለቁ ሳለ ድንገት ቀጥ አሉ። «እንዴ፣ ልጄን ያስተኛችኋት እኮ እሱ ከነበረበት ላይ ነው!»

ለክቼዋለሁ አልኳቸው። ሣጥኑ ከወረደ በኋላ የሚቀር ነገር የለም አልኳቸው። እውነቴን ነበር። መርዝ የሚለው ቃል ግን ከአፌ ወጥቷል፤ መርዝ ደግሞ እሳቸው እንደሚያውቁት በነካው ዕቃ ሁሉ ላይ ይቀራል። ፊታቸውን ወደ ጎንደር መንገድ አዙረው ቆሙ። እኔም በጉሙ ውስጥ የማኪና ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ከሣጥኑ ፊት እየቆምኩ ጠበቅሁ።

ሳይመሽ ፒክአፑ ተመለሰ። ሾፌሩ ገና ሳይቆም አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማርያም ማረቻት! ወንድ ልጅ!» አለ። ተሸካሚዎቹ እሰይ፣ ተመስገን አሉ። አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«ሕፃኑንስ ለክተሽዋል?»

በማግስቱ መለኪያዬን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። አባትየው ቀድመውኝ ደርሰው ከአልጋው አጠገብ ቆመዋል። ላሳርፋቸው ብዬ መሣሪያውን ሕፃኑ ላይ አደረግሁት። ጠቅ አለ። መለኪያው የትም ቢይዙት አልፎ አልፎ ጠቅ ይላል፤ ከአፈሩም ከሰማዩም የሚመጣ ማንንም የማይጎዳ ነገር አለ። ይህን አስቀድሜ መናገር ነበረብኝ። እናቲቱ ከትራሷ ቀና አለች።

«ስንት ቀን ይኖራል?» አሉ ሽማግሌው፣ ቀስ ብለው።

ደነገጥኩ። መለኪያውን ወደ ራሴ ደረት አዞርኩት፤ ጠቅ። ወደ ግድግዳው፤ ጠቅ። ወደ እሳቸው፤ ጠቅ ጠቅ። «አያ፣ ያዩታል? ሁላችንም ላይ ይላል፤ የጤና ነው!»

ሽማግሌው መሣሪያውን አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ ሕፃኑን ከእናቱ ጎን አንሥተው በጋቢያቸው ሸፈኑት፤ ጀርባቸውንም ሰጡኝ።

«እንግዲያው መሣሪያሽን አጥፊው፤ እኛስ ተጠምቀናል፣ እሱ ገና ክርስትና አልተነሣም» አሉኝ።