የሰፊያ ጋቢ

አያ ደምሌ ጠዋት ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሲጸልዩ የሚያነሷቸው ሰዎች ብዙ ናቸው። መጀመሪያ የሞተችባቸውን ሚስታቸውን የሺን ያነሳሉ። ቀጥሎ ባሕር ማዶ ያለችውን አንድ ልጃቸውን አዛለችን። ከዚያ ዝናቡን፣ ከብቱን፣ ጎረቤቱን ያዳርሱና መጨረሻ ላይ አይተዋት የማያውቋትን አንዲት ሴት ይጠራሉ። «ያቺንም ደግ ሴት፣ እስላም ትሁን ክርስቲያን አንተ ታውቃለህ፣ ሰፊያን ጠብቅልኝ» ይላሉ። ይህችን ቃል ከአሥራ አምስት ዓመት በላይ አንድ ጠዋት እንኳ አላስታጎሏትም።

ሰፊያ ማለት ከአዛለች ገንዘብ በመጣ ቁጥር ወገዳ ከተማ ባንክ ቤት ስሟ የሚጠራ ሴት ናት። አያ ደምሌ ፊደል አልቆጠሩም። መጀመሪያ በባንክ ሲላክላቸው መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «ላኪዋ ሰፊያ ይማም ትባላለች፤ ያውቋታል?» ብሎ ቢጠይቃቸው ግራ ገባቸው። ልጃቸው ስትደውል ጠየቋት። «ጓደኛዬ ናት። እኔ እንደ ልቤ መውጣት ስለማልችል በሷ እጅ ነው የምልከው» አለቻቸው። ምስኪን ሽማግሌ ምን ያድርጉ፣ አመኑ። ከማመንም አልፈው ይጸልዩላት ጀመር።

ሰፊያ የምትባል ጓደኛ ግን አልነበረችም። ሰፊያ ራሷ አዛለች ናት።

አዛለች በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ አረብ አገር ልትሄድ ስትነሳ ንፋስ መውጫ ላይ አንድ እሳት የላሰ ደላላ አገኘች። «ቪዛው የመጣው ለእስላም ሴት ነው» አላት። ሰፊያ የሚለውን ስም ራሱ ሰጣት። «የእስላም አባት ደግሞ አንቺው አምጪ» አላት። የእስላም አባት ከየት ይመጣል? የምታውቀው አንድ ብቻ ነበር፤ ወገዳ ላይ ጨውና ጨርቅ የሚነግዱት ይማም። አባቷ ገበያ ሲወጡ አህያቸውን የሚያስሩት በሳቸው ግቢ ነው። እሷንም ሲያዩ ከረሜላ ሳይሰጧት ሰደዋት አያውቁም። «ይማም» አለች። ደምሌ የሚለው ስም ከዚያች ቀን ጀምሮ ከወረቀቷ ላይ ጠፋ።

እውነት ለመናገር ይህን ያደረገችው እሷ ብቻ አይደለችም። በዚያ ሰሞን ከስማዳም ከጋይንትም ከወጡት ልጃገረዶች ስንቷ ወለተ ማርያም ሆና ተነሥታ ፋጡማ ሆና አርፋለች። ሌሎቹ ግን ለቤተሰባቸው ነገሩ፣ ተሳቀ፣ ተረሳ። አዛለች መናገር አቃታት። አያ ደምሌ ከሷ ሌላ ልጅ የላቸውም። «ወንድ ልጅ ባይሰጠኝም ስሜን የሚሸከምልኝ አላጣሁም» እያሉ ነው ያሳደጓት። እኒህን ሰው እንዴት ብላ ስምዎን ደላላ ቤት ጥዬው ሄድኩ ትበላቸው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። የሷ ግን ዓመት በጨመረ ቁጥር እየከበደ ሄደ።

ጅዳ የገባችበት ቤት እመቤት፣ ማዳም እያለች የምትጠራት ባለጸጋ መበለት፣ ልጇ ሚላኖ ስለሚኖር ወደዚያው ስትዛወር አዛለችን ይዛት ሄደች። በጣሊያን አገር አሥር ዓመት የኖረ ሰው ዜግነት መጠየቅ ይችላል ሲባል ሰማች። አሥር ዓመቷን ቆጥራ አመለከተች። ጉዳዩን የያዘላት ጠበቃ ግን ፓስፖርቷን እያገላበጠ የመውጫና የመግቢያ ማኅተሞቹን ሲቆጥር ቆይቶ ራሱን ነቀነቀ። ማዳም እኩሌታውን ዓመት ጅዳ፣ ከተረፈውም ብዙውን ኢስታንቡል ስትል ሻንጣዋን ተሸክማ የምትከተላት አዛለች ነበረች። «አንቺ እኮ እዚህ አልኖርሽም፤ ስትመላለሺ ነው የከረምሽው» አላት ጠበቃው። ማመልከቻው ተመለሰ። የሰው ሻንጣ ስትጎትት ያለፈው ጊዜ ከሷ ዕድሜ ላይ ተቀነሰና እንደገና ከአንድ መቁጠር ጀመረች።

ማዳም ከዚያ በኋላ አርጅታ ከሚላኖ አልወጣችም፤ ሁለተኛው አሥር ዓመት በሞላ ማግሥት ሞተች። የአዛለች የመኖሪያ ፈቃድ በማዳም ቤት ሥራ ላይ የተንጠለጠለ ነበርና ጊዜው ሊያልቅ ጥቂት ወራት ቀሩት። ዜግነቱን ካላገኘች ሃያ አራት ዓመት ከተሰደደች በኋላ ባዶ እጇን መመለሷ ነው። የጎደለው ደግሞ አንድ ወረቀት ብቻ ነበር። ከተወለደችበት ቀበሌ የልደት ምስክር ወረቀት፣ ፓስፖርቱ ላይ ባለው ስም። ሰፊያ፣ የይማም ልጅ።

በኅዳር ስማዳ፣ አባቷ ቤት ገባች። ሦስት ቀን አፏን ይዛ ተቀመጠች። ሦስቱንም ቀን አባቷ አንድ ጋቢ እያወጡ ያሳዩዋት ነበር። ጎረቤታቸው ሸማኔው ማሬ አጥብቆ የሠራው ነጭ ጋቢ ነው። «ለሰፊያ ነው ያሠራሁት። ስትመለሺ ታደርሺልኛለሽ። እዚያ አገር ብርድ አለ ብለሽ የለ?» አሏት። አዛለች ጋቢውን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ምነው፣ አያምርም?» አሉ አያ ደምሌ።

«ያምራል» አለች።

በአራተኛው ቀን አባቷ አውድማ ላይ ገብስ ሲከምሩ ሄዳ አጠገባቸው ቆመች።

«አባቴ፣ ሰፊያ የምትባል ሴት የለችም።»

አያ ደምሌ መንሻቸውን ተክለው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ድንጋጤ ነበር። «ሞተች እንዴ?»

«አልሞተችም። መጀመሪያም አልነበረችም። እኔ ነኝ።»

ከደላላው ጀምራ እስከ ወረቀቱ ድረስ ያለውን መሬት መሬት እያየች ነገረቻቸው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት ደስ ባላት ነበር። አያ ደምሌ ነዶው ላይ ቁጭ አሉ። መጀመሪያ የጠየቋት ስለ ሌላ ሰው ነበር።

«ይማም ያውቅ ነበር?»

«አያውቁም።»

«ሳያውቅ ሞተ?» ይማም ካረፉ ስድስት ዓመታቸው ነው።

«አዎ።»

«የሰው ስም ሳያስፈቅዱ መውሰድ ሌብነት ነው። ነገ ልጁ ዘንድ እንሄዳለን።»

ስለራሳቸው ስም አንድ ቃል አልተናገሩም። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

በማግሥቱ ወገዳ ወረዱ። የአባቱን ሱቅ የያዘው ሀይደር ወንበር አቀረበላቸውና እስኪጨርሱ አዳመጣቸው። «አያ ደምሌ፣ በኛ ሃይማኖት ልጅ የሚጠራው በወለደው አባት ነው» አለ። «አባቴ በሕይወት ቢኖር እሺ የሚልዎት አይመስለኝም። እኔም ገብቼ አልመሰክርም። ግን አልቃወምም። እሷ ከተጠቀመች ይሁን።» ከዚያ ወደ አዛለች ዞረና ሊያቀልላት ፈልጎ ፈገግ አለ። «ያለ እህት ነው ያደግሁት። በስተርጅና መጣሽልኝ።» አዛለች ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። ሀይደርም በቀልዱ የተጸጸተ መሰለ።

ለወረቀቱ ሦስት ምስክር ያስፈልጋል። ማሬንና ሌላውን ጎረቤታቸውን ፊልጶስን ጠየቁ። ሁለቱም አዛለችን ከሕፃንነቷ ያውቋታል። ተያይተው ሲያበቁ ማሬ መለሰ። «አባት ቆሞ እያለ ልጁን ለሌላ ሰው አንሰጥም። ደምሌ ራሱ ገብቶ የይማም ናት ካለ እኛም ተከትለን እንላለን። እሱ ካላለ ግን አይሆንም።»

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አያ ደምሌ የአካባቢው አስታራቂ ሽማግሌ ናቸው። ስንት ደም የተፈላለገ ሰው በሳቸው አፍ ታርቋል። የታረቀ ሰው ቃሉን ሊያፈርስ ሲዳዳው «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ይሉታል፤ ሰውየውም አፍሮ ይመለሳል። ሌላው ሰው ለማሳመሪያ የሚናገረውን ተረት እሳቸው ኖረውበታል። አዛለችም ይህን ታውቃለች።

«ይቅርብኝ፣ አባቴ» አለቻቸው ወደ ቤት ሲመለሱ። «ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ።»

«ብትነግሪያቸው ምን ያደርጉሻል?»

«ሃያ አራት ዓመት ዋሽተሻል ይሉኛል። የሚያባርሩኝ ይመስለኛል።»

ይህን ስትል ከልቧ ይቅርብኝ ማለቷ አልነበረም። አባቷ አይሆንም እንዲሏት ነበር የፈለገችው። ይህንንም ራሷ ታውቅ ነበርና ከሁሉ ይልቅ ያሳፈራት እሱ ነው። አያ ደምሌ ወንዙን ተሻግረው «እገባለሁ» አሉ።

«ወላጅ ምስክር አይሆንም ይላሉ እኮ።»

«ወረቀቱ ላይ ወላጅ አይደለሁም» አሉና ከፊቷ ቀድመው አዘገሙ።

የቀበሌው ቢሮ ውስጥ ያለችው የመዝገብ ሠራተኛ ከእስቴ ተዛውራ የመጣች ወጣት ናት፤ የሰፈሩን ሰው አታውቅም። ሦስቱን ሽማግሎች አግዳሚው ላይ አስቀምጣ አስማለቻቸው። አያ ደምሌ ሲምሉ ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። አዛለች በሩ ሥር ቆማ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ሳበችው።

«አባት፣ ይህችን ሴት ያውቋታል?» አለች ሠራተኛዋ።

«አውቃታለሁ።»

«የማን ልጅ ናት?»

«የይማም።»

«የእናቷ ስም እዚህ የሺ ተብሎ ተሞልቷል። ልክ ነው?»

ይህ የአዛለች ሥራ ነበር። ያኔ ሚላኖ የዜግነት ቅጹን ስትሞላ ቢያንስ እናቴን አልክድም ብላ እውነተኛውን ስም ጻፈች፤ ይህኛውም ከዚያ ጋር መግጠም ነበረበት። ለአባቷ ያጎደለችውን ለእናቷ የካሰች መስሏት ነበር። አሁን በሰው ፊት ሲነበብ ግን ያቺ አንዲት እውነት ከውሸቱ ሁሉ ከፋች። ማሬ ጉሮሮውን ጠረገ። ፊልጶስ ጣራ ጣራውን አየ። አያ ደምሌ አርባ ዓመት አብራቸው የኖረችውን ሚስታቸውን በገዛ አፋቸው ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው።

«ልክ ነው» አሉ።

«አባቷ በሕይወት አሉ?»

አያ ደምሌ በትራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ሞቷል» አሉ።

«እርስዎ ለሷ ምኗ ነዎት?»

«ጎረቤት።»

ሠራተኛዋ አውራ ጣታቸውን ቀለም አስነክታ ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው። ማሬና ፊልጶስም ተከተሉ። አዛለች ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ሃያ አራት ዓመት የለፋችለት ነገር እጇ ገብቷል፤ እሷ ግን የአባቷን ፊት ማየት አልቻለችም። አያ ደምሌ ደግሞ እሷን ሳይጠብቁ ሄደዋል። ያን ቀን የንስሐ አባታቸው ዘንድ ገብተው ብዙ ቆዩ። ምን እንዳዘዟቸው የሚያውቅ የለም። ከዚያ በኋላ ግን ጾም ባልሆነበት ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም ነበር።

የቀሯትን ቀናት አልተጣሉም። አበላሏት፣ አጠጧት፣ ለመንገዷም በሶ አስፈጩላት። አንድ ነገር ብቻ ተለወጠ፤ ስሟን አይጠሩም። ስንቅ ብታሸክፍ፣ ውኃ ብታቀርብ «ተባረኪ» ይሏታል እንጂ አዛለች አይሏትም። እሷም ምክንያቱን መጠየቅ ፈራች።

መሄጃዋ ደርሶ ጠዋት ሻንጣዋን ይዛ ስትወጣ አያ ደምሌ ደጃፉ ላይ ቆመው ይጸልዩ ነበር። ቆማ ሰማቻቸው። «የየሺን ነፍስ ማርልኝ» አሉ። ቀጥሎ የሷ ተራ ነበር። አያ ደምሌ ግን ትንፋሽ ወሰዱና ወደ ዝናቡ አለፉ። ከብቱን አነሡ፣ ጎረቤቱን አነሡ። መጨረሻ ላይ «የይማምን ልጅ ሰፊያን ጠብቅልኝ» አሉ።

«እኔንስ?» አለች አዛለች።

«አነሣሁሽ እኮ።»

«አዛለች አላሉም።»

«አባቷ ሞቷል ብዬ ምዬ የለም? ልጄ ብዬ ከጠራሁሽ በሐሰት መማሌ ነው። መሐላዬን ማቆም አለብኝ» አሉ። ድምፃቸው ቁጣ የለበትም፤ ለተጣላ ሰው ፍርድ ሲያስረዱ የሚናገሩበት ድምፅ ነው። ወደ ቤት ገብተው ያን ነጭ ጋቢ አጣጥፈው ይዘው ወጡና ዘረጉላት። «ይሄ ላንቺ የተሠራ ነው። እስከዛሬ ለዋልሽልኝ ውለታ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ።»

አዛለች እንደ እንግዳ ዝቅ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። እንባዋ ጋቢው ላይ እንዳይወርድ ፊቷን አዞረች። አባቴ ልትል አፏን ከፈተች፤ ቃሉ ግን የማን እንደሆነ አሁን አታውቅም።

«እግዜር ይስጥልኝ፣ አያ ደምሌ» አለች።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሐዘን ላለበት ጎረቤት እንደሚባለው፣ «የአባትሽንም ነፍስ ይማር፤ ደግ ሰው ነበር» አሏትና መንሻቸውን ይዘው ወደ አውድማቸው ሄዱ።