ቢጫው ግሉኮስ

ቾርቪ መርፌ ስትወጋ ፊቷን አታዞርም። ግራ ክንዷን ትዘረጋለች፣ ጣቶቿን ትጨብጣለች፣ የትኛው ደም ሥር እንደሚሻልም ራሷ ነክታ ታሳያለች። አሥራ አምስት ዓመት የለመደችው ነገር ነው። ከፕረይ ቬንግ ገጠር ተነሥታ ከዋና ከተማው ከፕኖም ፔን ዳር ያለው የልብስ ፋብሪካ ስትገባ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሠላሳ አራት ሞላት። እስከዛሬ የሰፋችው የሱሪ ወገብ ቁጥር የለውም። ደመወዝ በወሰደች ቁጥር በማግሥቱ እሑድ የተሰቀለላት ግሉኮስም እንዲሁ።

የሚሰቅልላት ሳሩን የሚባል ሰው ነው። በጦርነቱ ጊዜ የወታደር ቁስል ሲያስር ነበር፤ ሰፈሩ ግን “ዶክተር” ይለዋል። የእንጨት ቤቱ ረጃጅም ምሰሶ ላይ የቆመ ሲሆን፣ ከሥሩ ባለው ጥላ ሰፊ የቀርከሃ አልጋ አለ። እሑድ እሑድ ሰባት ስምንት ሴቶች እዚያ ላይ እንደሚደርቅ ዓሣ ጎን ለጎን ይጋደማሉ፤ ከበላያቸው በሚስማር የተንጠለጠሉ ከረጢቶች ጠብ ጠብ ይላሉ። ነጩ ከረጢት ርካሽ ነው። ቪታሚን ያለበት ቢጫው ዋጋው እጥፍ ነው። በሰፈሩ አስተያየት ነጩን ያሰቀለ ሰው የታከመው በግማሹ ነው።

“ዛሬም ቢጫ? የጄኔራል ሚስት ሆነሻል እኮ!” ትላታለች አጠገቧ የተኛችው።

“አንቺ ነጭሽን ይዘሽ ዝም በይ። እኔ ጉልበት ልግዛበት።”

ጉልበትም ታገኝ ነበር። ከረጢቱ ሲያልቅ ራስ ምታቱ ይለቃታል፣ ዓይኗ ይገለጣል፣ ሰኞ ማሽኗ ላይ ስትቀመጥ ሌላ ሰው ትሆናለች። ለሙታን በዓል አገር ቤት ስትገባም ለእናቷ የምትሰጠው ስጦታ ይኸው ነበር። መርፌ ወጊ ታስጠራና እናቷን በረንዳ ላይ አስተኝታ ሁለት ቢጫ ታሰቅልላታለች። በረንዳው የሚመረጠው መንገደኛ እንዲያይ ነው። እናትየዋ መርፌው ክንዷ ላይ እንዳለ ጎረቤት ትጣራለች። “ነይ እዪልኝ! ልጄ ሁለት ቢጫ ሰቀለችልኝ። ያንቺዎቹ ምን አመጡልሽ?”

ባለፈው ዓመት ታናሽ እህቷ ሶፎአን ተከትላት ፋብሪካ ገባች። ቾርቪ በስፌት መስመር አሥራ ሁለት አጠገቧ አስቀመጠቻትና በመጀመሪያው ቀን አንድ ምክር መከረቻት። ይህን ምክር ኋላ ላይ ባስታወሰች ቁጥር ፊቷ ይቀላል።

ሚያዝያ ሲቃረብ፣ ቆርቆሮው ጣሪያ እንደ ምጣድ ሲግል፣ ሴቶች መውደቅ ጀመሩ። በአንድ ቀን አሥራ አንድ ሰው ማሽን ላይ ተደፋ፤ አንዷ ሶፎአን ነበረች። መሬቱን የሚጠብቀው አዛውንት መንፈስ ተቆጥቷል ተባለና ፋብሪካው አንድ ሙሉ የተጠበሰ አሳማ በር ላይ ካለችው የመንፈሱ ጎጆ ፊት አቀረበ። መንፈሱ አሳማውን ተቀብሎ ይሁን አይሁን አልታወቀም፤ በሳምንቱ ስድስት ሰው ወደቀ። ሶፎአን አሁንም ከነሱ መካከል ነበረች።

ያኔ ቪታሚን መጣ።

የሠራተኛ ጉዳይ ኃላፊዋ ኔት ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆማ ትልልቅ ብርቱካንማ ክኒን ታድላለች። እያንዳንዷ ሴት እፊቷ ትውጣለች፣ ከዚያ አፏን ከፍታ ምላሷን ታነሣለች።

“ክፈቺ። ምላስ ወደ ላይ። እሺ፣ እለፊ።”

ከክኒኑ ጋር ማስታወቂያ ተለጠፈ። ፋብሪካው የሠራተኞቹን ጤና በቪታሚን ስለሚንከባከብ፣ ከእንግዲህ ሦስተኛ ጊዜ የምትወድቅ ሠራተኛ ለሥራው ብቁ እንዳልሆነች ተቆጥራ ትሰናበታለች ይላል። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የየመስመሩ ተጠሪ በወረቀት ትፈርማለች፦ ሠራተኞቻችን በቪታሚኑ ጤናና ጉልበት አግኝተዋል፣ ከዚህ በኋላ የሚወድቅ ቢኖር ጥፋቱ የራሱ አኗኗር ነው። ወረቀቱ የሚላከው ባሕር ማዶ ላሉት ልብስ ገዢዎች ነው። የመስመር አሥራ ሁለት ተጠሪ ቾርቪ ነበረች። ሁለት ጊዜ የወደቀችው እህቷ ናት። አንድ ፊርማና አንድ መውደቅ፣ ሶፎአንን ወደ ገጠር ለመመለስ የቀረው ይኸው ነበር።

ቾርቪ የምታውቀውን መድኃኒት አደረገች። እሑድ እህቷን ሳሩን ዘንድ ወስዳ ሁለት ቢጫ አሰቀለችላት። ሶፎአን ሰኞ ዘፈነች። ማክሰኞ ዝም አለች። ረቡዕ ከንፈሯ ነጥቶ የማሽኑን ጠርዝ ይዛ ተገኘች።

“ሦስት ቢጫ ያስፈልጋታል፤ ሥሯ ደክሟል” አለ ሳሩን።

ቾርቪ ግማሽ ቀን ፈቃድ ጠይቃ እህቷን መንግሥት ጤና ጣቢያ ወሰደቻት። ነርሷ ቻንሬት ትባላለች፤ ቀጭን፣ ኮስታራ ሴት ናት። ሶፎአንን መዘነቻት፣ ከጣቷ ደም ወሰደች፣ የእጇን ቆዳ ቆንጠጥ አድርጋ ለቀቀችው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም።

“በቀን ስንት ጊዜ ሽንት ትሸኛለሽ?”

ሶፎአን ሳቀች። “አንዴ። ማታ ቤት ስገባ።”

“ቀኑን ሙሉስ?”

“ጣውላው አይደርሰኝማ፣ ቦንግ” አለች፤ ታላቅን ሁሉ እንደሚጠሩት።

“የምን ጣውላ?”

ቾርቪ አስረዳች። የመዳፍ ስፋት ያላት ጣውላ ከተቆጣጣሪው ጠረጴዛ አጠገብ በሚስማር ተንጠልጥላለች። ለስድሳ ሴት አንድ ናት። ጣውላዋን የያዘች ሽንት ቤት ትሄዳለች፤ ያልያዘች ትቀመጣለች። ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆየች ስሟ ይጻፋል።

“እና ምን ታደርጋላችሁ?”

ቾርቪ መልሱን ስትናገር ድምፅዋ ወረደ። “ውሃ አንጠጣም። ከጠዋት እስከ ምሽት። በመጀመሪያው ቀን የመከርኳት እኔ ነኝ።”

ነርሷ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ደሟ ደህና ነው። ውሃ ነው ያጣችው፤ ምሳዋም ሩዝና የዓሣ ጭራ ነው። እዚያ ከረጢት ውስጥ ያለው ምን መስሎሻል? ጨውና ስኳር የገባበት ውሃ ነው። እሱ ነው የሚያነቃችሁ።”

“ቢጫው ግን ይበልጣል። እኔ በሰውነቴ አውቀዋለሁ።”

“ማታውን ሽንትሽ ቢጫ አይሆንም?”

“እሱማ ድካሙ ሲወጣ ነው ብሎኛል ሳሩን።”

“ድካም አይደለም፣ ገንዘብሽ ነው የሚወጣው!” አለች ነርሷ። “ቪታሚን ለጎደለው ይጠቅማል፤ ለነፍሰ ጡር የደም ክኒን የምሰጠው እኔው ነኝ። ያልጎደለው ሰው ቢውጠው ሽንቱን ያሳምርለታል እንጂ ጉልበት አይጨምርለትም። የጠማውን ሰው ቪታሚን ማስዋጥ ቤንዚን ያለቀበትን ሞተር ቀለም መቀባት ነው።”

ቾርቪ በመንገድ ላይ ከእህቷ ቀድማ በፍጥነት ተራመደች። ሶፎአን አንድ ጊዜ ብትጠራት እንኳ አልሰማቻትም። ምግብ ቢያንቅ ውሃ ያወርደዋል፤ ውሃ ራሱ ሲያንቅ ምን ያወርደዋል? አሥራ አምስት ዓመት በመርፌ ስትገዛው የኖረችው ውሃ ከማሽኗ ሃያ እርምጃ ርቆ በነጻ ተቀምጦ ነበር። ያቺ መዳፍ የምታህል ጣውላ ከፊቱ ቆማ ከልክላታለች። ከልካዮቿ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ምላሷን አስነሥተው፣ ስለ ጤናሽ አሰብን ይሏታል!

በዚያ ሳምንት የመስመር አሥራ ሁለት ሴቶች በምሳ ሰዓት ሲንሾካሾኩ ሰነበቱ። የፊርማው ቀን ጠዋት ሁሉም በሩ ላይ አንድ አንድ ሊትር ውሃ በጠርሙስ ይዘው ደረሱ። ክኒኑን ዋጡ፣ ከዚያ ጠርሙሱን እስከ መጨረሻው ጠብታ ጨለጡት።

“እንዲህ ነው እንጂ!” አለች ኔት። “ቪታሚን በደንብ ውሃ ሲወሰድ ነው።”

“ምክርሽን ሰምተን ነው” አለች ቾርቪ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሶፎአን ተነሥታ ጣውላዋ አጠገብ ቆመች። ከኋላዋ ሌላ፣ ከሷ ኋላ ሌላ። ተቆጣጣሪው ቡን ቀና ሲል የመስመሩ ማሽን ሁሉ ፀጥ ብሏል፤ ስድሳ ሴት በወረፋ ቆሟል።

“ምንድን ነው ይሄ? ተቀመጡ!”

“መቀመጥ አቃተን፣ አለቃ” አለች አንዷ። “ቪታሚኑ ጉልበት ሰጥቶን ነው።”

“አንድ በአንድ ብያለሁ!”

“አንድ በአንድ ነን እኮ። ጣውላዋም አንድ ናት። እኔ አርባ ሦስተኛ ነኝ፤ እዚህ ካመለጠኝ አንተ ታጥባለህ።”

ሳቁ እስከ መስመር አሥራ አምስት ተሰማ። ኔት ወረቀቱን ይዛ እየሮጠች መጣች።

“ቾርቪ! አንቺ ነሽ ያስነሣሻቸው። ፈርሚና አስቀምጫቸው። እህትሽን አስቢ።”

“እህቴን አስቤ ነው። ተራዬ መጨረሻ ላይ ስለሆነ ጊዜ አለኝ፤ አምጪው።”

ወረቀቱን ማሽኗ ላይ ዘረጋችው። አልፈረመችም። በፊርማው ቦታ በትልልቅ ፊደል ጻፈችበት፦ “ቪታሚኑን ሠላሳ ቀን ዋጥን። አራት ሰው ወደቀ። ዛሬ ውሃ ጠጣን። ሁላችንም ቆመናል።” ከሥሩ የመስመሩ ሴቶች አንድ በአንድ፣ ከሽንት ቤት በተመለሱ ቁጥር፣ የአውራ ጣት አሻራቸውን አኖሩበት። ኔት አንዱን አሻራ በእጇ ልትሸፍን ሞከረች፤ ስድሳ አሻራ ግን በአንድ እጅ አይሸፈንም።

ወረቀቱ ባሕር ማዶ ደርሶ እንደሆነ ቾርቪ አልሰማችም። በማግሥቱ ሚስማሩ ላይ ሦስት ጣውላ ተንጠልጥሎ ተገኘ፤ የክኒኑ እደላም በዚያው ሳምንት ቀረ። ተጠሪነቷን ወሰዱባት። ቡን “አሁንስ ደስ አለሽ?” ሲላት፣ “ሽንቴን መሽናት ተፈቀደልኝ ብዬ ላመስግንህ?” አለችው። ሶፎአን የዚያን ዓመት ሙቀት ሳትወድቅ ጨረሰች።

ለሙታን በዓል አገር ቤት ሲገቡ እናታቸው በረንዳው ላይ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ክንዷን ገልጣ ትጠብቅ ነበር። ቾርቪ ሁለት ዳክዬ፣ አንድ ሣጥን እንቁላልና ዓሣ አወረደች።

“ቢጫውስ?” አለች እናትየዋ።

“ቢጫ የለም፣ እማዬ። ይሄን ብዪ።”

“ጎረቤት ምን ይለኛል? ልጆቿ ባዶ እጃቸውን መጡ ሊሉኝ ነው!” እናትየዋ ዳክዬዎቹን በቅሬታ አየቻቸው።

“ዳክዬውን በረንዳው ላይ ብዪው” አለች ሶፎአን፣ ከጠርሙሷ እየተጎነጨች። “ጎረቤት እንዲሰማ ጮክ ብለሽ አላምጪው።”